ከጋዝ ወደ ከሰል፦ የጓሮ ግሪሌ የሥራ ማስታወሻ

ለስምንት ዓመት ጓሮዬ ውስጥ የጋዝ ግሪል ነበረኝ። ታማኝ ዕቃ ነበር። ማዞሪያውን አዞራለሁ፣ ማቀጣጠያውን ጫን አደርጋለሁ፣ እሳቱ ቦግ ይላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሥጋው ላዩ ላይ ነው። ዘንድሮ ግን ከሦስቱ በርነሮች ሁለቱን ዝገት በላቸው። በአንድ በኩል እሳቱ ይንቀለቀላል፤ በሌላው በኩል የጋዙ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። በርነሮቹን ልቀይር ወይስ ወደ ከሰል ልዙር እያልኩ ሁለት ሳምንት ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ።

የቆረጥኩት አንድ ወዳጄ ቤት ተጋብዤ ነው። በከሰል የተጠበሰ የዶሮ ጭን አቀረበልን። ቆዳው ሲነከስ ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ግን ጭማቂው አልወጣም። እኔ በጋዝ ስንት ጊዜ ሞክሬ አልመጣልህ ያለኝ ነገር ነው። በነጋታው ሥራ ጀመርኩ። የተሳካውንም የተበላሸውንም እንዳለ ጽፌዋለሁ።

ቀን 1

መጀመሪያ ጋዙን በሥርዓት መሰናበት ነበረብኝ። ግሪሉን እንደለኮስኩ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘጋሁ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ ተቃጥሎ አለቀና ነበልባሉ ቀጭኖ ጠፋ። ሬጉሌተሩን ፈትቼ ቫልቩ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባሁ። አረፋ ከሠራ ጋዝ ያፈተልካል ማለት ነው። አልሠራም። ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጌ ውጪ፣ ጥላ ቦታ አቆምኩት። ቤት ውስጥ አላስገባሁትም። ፕሮፔንም ሆነ ቡቴን ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

ያው አሮጌው የጋዝ ግሪል ውስጥ ከሰል ባደርግስ የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ሆዱን ከፍቼ አየሁት። ታቹ ስስ ነው። ለአመድ የሚሆን ቦታ የለውም። አየር ከሥር የሚገባበትም የሚስተካከልበትም መንገድ የለም። ለጋዝ ነበልባል የተሠራ ዕቃ የፍም ክምር አይችልም። ተውኩት።

ቀን 2

ክዳን ያለው ክብ የከሰል ግሪል አመጣሁ። የፍርግርጉ ስፋት 57 ሴንቲሜትር ነው። ገጥሜ ለመጨረስ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ብዙ ነገር የለውማ! አንድ የብረት ጎድጓዳ፣ አንድ ክዳን፣ ሁለት ፍርግርግ፣ ሦስት እግር። ከታች የአየር ቀዳዳ፣ ከላይ የአየር ቀዳዳ።

ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ጆርጅ ስቲፈን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ቺካጎ አካባቢ የሚሠራበት የብረት ፋብሪካ ለመርከቦች ምልክት የሚሆኑ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ክብ ብረቶች ያመርት ነበር። አንዱን ክብ ለሁለት ከፈለው፤ የታችኛው መጥበሻ፣ የላይኛው ክዳን ሆነ። እነዚያን ሁለት ቀዳዳዎች ሳይ መጀመሪያ ብዙም ትኩረት አልሰጠኋቸውም። ሥራው ሁሉ እነሱ ላይ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቦታ መረጣ ላይ አልቸኮልኩም። ከቤቱ ግድግዳና ከአጥሩ ሦስት ሜትር ያህል አራቅኩት። ከላዩ ጣሪያም የዛፍ ቅርንጫፍም የለም። መሬቱ ደልዳላ ነው።

ቀን 3

ዛሬ ምግብ የለም። አዲስ ግሪል ከፋብሪካ ዘይትና ብናኝ ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ባዶውን ማጋል ያስፈልጋል።

ከሰሉን በነጭ ጋዝ አርከፍክፎ መለኮስ አልፈለግኩም። ሽታው ምግቡ ላይ ይቀራል። ደግሞ በጀመረ ፍም ላይ መጨመር ሰው ያቃጥላል። በምትኩ ማቀጣጠያ ጣሳ ገዛሁ። እጀታ ያለው የቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ ታቹ የተበሳሳ፣ ወገቡ ላይ የሽቦ ወለል ያለው። ከሰሉ ከሽቦው በላይ ይሞላል፣ ወረቀት ከሽቦው በታች ይደረጋል። ወረቀቱ ሲነድ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ከሥሩ ሌላ አየር ይስባል። ጣሳው እንደ ጭስ ማውጫ ይሠራል ማለት ነው።

የኔ ግን እምቢ አለ። ወረቀቱ ነዶ አለቀ፤ ከሰሉ ጥግ ጥጉ ላይ ትንሽ ግራጫ ብቻ አሳየኝ። ደግሜ ለኮስኩ፤ ያው ነው። እማዬ ለጥየቃ መጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከከሰል ጋር የኖረች ሴት ናት። ተነስታ መጣችና ጎንበስ ብላ የጣሳውን ታች አየች።

«ልጄ፣ አፍነኸው እንዴት ይቀጣጠል?» አለችኝ።

ለካስ አራት የጋዜጣ ገጽ ጨፍልቄ ጭኜበት ኖሯል። አየር መግቢያ አላስቀረሁም። ወረቀቱን ወደ ሁለት ገጽ ቀነስኩ፣ ላላ አድርጌ እንደ ቀለበት ጠመዘዝኩት፣ መሐሉን ክፍት ተውኩ። በዚህኛው ያዘ። መጀመሪያ ወፍራም ነጭ ጭስ ወጣ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጭሱ ሳሳ። በ20ኛው ደቂቃ ላይኛዎቹ ከሰሎች ጠርዛቸው አመድ ለብሶ ነጣ፤ መሐሉ ደማቅ ቀይ ሆነ። ጓንት አጥልቄ ገለበጥኩት።

እማዬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናግራ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሠራሁት ስህተት ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው አመጣኝ። አየር!

ቀን 6

የመጀመሪያው ምግብ፦ የዶሮ ጭን። አልተሳካም።

ፍሙን ታች ያለው ፍርግርግ ላይ ሙሉ ለሙሉ ዘረጋሁት። በጋዝ እንደለመድኩት፣ ሁሉም በርነር እንደተከፈተ ያህል። ስምንት ጭን ደረደርኩ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ስቡ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ነበልባሉም ሽቅብ ተነሳ። በጋዝ ቢሆን ማዞሪያውን ዝቅ አደርግ ነበር። እጄ እውነትም ወደ ማዞሪያው ቦታ ሄደ። የለም! ክዳኑን ከፍቼ በጉጠት ወዲያ ወዲህ እያልኩ ባገላብጥም የማሸሽበት ቦታ የለኝም። ከዳር እስከ ዳር ፍም ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አየር ይገባል፤ እሳቱ ይብሳል።

ቆዳው ጠቆረ። ቴርሞሜትሩን አጥንቱ አጠገብ ስሰካው 58 ዲግሪ ሴልሺየስ አለኝ። ዶሮ ለመብላት 74 መድረስ አለበት። ውጪው ያረረ፣ ውስጡ ጥሬ። ጭኖቹን አንስቼ ምድጃ ውስጥ ጨረስኳቸው፤ የጠቆረውን ቆዳ ገፈን በላን። ያረረ ነገር ደግሞ ለጤናም አይሆንም። ስብ ነበልባል ላይ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ካንሰር ያመጣሉ የሚባሉ ኬሚካሎችን ተሸክሞ ሥጋው ላይ ያርፋል።

ቀን 9

ያው ዶሮ፣ ሌላ አሠራር።

ፍሙን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሰበሰብኩት። ግማሹ ፍም፣ ግማሹ ባዶ። ባዶው ወገን ላይ የስብ መቀበያ ቀጭን ትሪ አስቀመጥኩ። ዶሮውን ባዶው ወገን ላይ ደረደርኩና ክዳኑን ከደንኩ። የላይኛው ቀዳዳ ከዶሮው በላይ እንዲሆን ክዳኑን አዞርኩት። ሙቀቱና ጭሱ ከፍሙ ተነስተው በዶሮው ላይ አልፈው ይወጣሉ።

ከባዱ ነገር አለመክፈት ነው። በጋዝ ጊዜ በየሁለት ደቂቃው ማየት ልማዴ ነበር። ዛሬ 20 ደቂቃ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ከላይኛው ቀዳዳ ስስ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ይወጣል። ውስጥ ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ አለ፤ ጸጥ ያለ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም።

በ35ኛው ደቂቃ ቴርሞሜትሩ 70 አለ። ያን ጊዜ ጭኖቹን አንድ በአንድ በቆዳቸው በኩል ወደ ፍሙ አሻገርኳቸው። አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። ቆዳው ሲኮማተር፣ ስቡ ሲፈላ፣ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲዞር ዓይኔ እያየ ነው። ነበልባል ሲነሳ መልሼ ወደ ባዶው ወገን አሸሻለሁ። 76 ላይ አወጣኋቸው።

ቀጭ አለ። ወዳጄ ቤት የበላሁት ነው!

ባዶ ቦታ የዚህ ግሪል ማዞሪያ ነው። ጋዝ ላይ እሳቱን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እዚህ ምግቡን አሸሻለሁ።

ቀን 13

ዛሬ ምግብ ሳልጭን ቀዳዳዎቹን ብቻ ስፈትን ዋልኩ። አንድ ጣሳ ፍም፣ አንድ ፍርግርጉ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር፣ አንድ ደብተር።

የላይኛውን ቀዳዳ ሙሉ ለሙሉ ክፍት ተውኩት። እሱ ከተዘጋ ጭሱ መውጫ ያጣና ምግቡን መራራ ያደርገዋል። የምነካካው የታችኛውን ብቻ ነው። ሙሉ ክፍት ሲሆን 260 ዲግሪ አካባቢ ደረሰ። ግማሽ ስዘጋው ቁጥሩ ወዲያው ንቅንቅ አላለም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 250። ከ15 ደቂቃ በኋላ 200። ሩብ ሲቀር ቀስ በቀስ 150 ገደማ ላይ ረጋ። መልሼ ስከፍተው ደግሞ ለመውጣት ጊዜ ወሰደ።

ይህ መዘግየት ነው ከጋዝ የመጣ ሰው የሚያሳስተው። ነካ አድርጌ ለውጥ ካላየሁ እንደገና እነካለሁ። ከዚያ ሁለቱም ለውጥ አንድ ላይ ይመጣና እሳቱ ይሞታል ወይም ያብዳል። አሁን አንድ ጊዜ ነክቼ 15 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሌላው ነገር፣ ሙቀቱ ሲወጣ ላይ መያዝ ካለፈ በኋላ ከማውረድ ይቀላል። 150 የምፈልግ ከሆነ 130 ላይ ቀዳዳውን ማጥበብ እጀምራለሁ።

ክዳኑ ላይ የተገጠመው ቴርሞሜትር ከፍርግርጉ የተለየ ቁጥር እንደሚያሳይም ዛሬ አረጋገጥኩ። እሱ ከላይ ያለውን አየር ነው የሚለካው። ምግቡ ያለው ታች ነው።

ቀን 16

የከሰል ዓይነት። እንጨት አየር በተነፈገበት ቦታ ሲግል ውሃውና ጭሳማው ነገር ወጥቶ በአብዛኛው ካርቦን የሆነው ይቀራል። ከሰል እሱ ነው። ቅርጹን እንደያዘ ሲመጣ ቶሎ ይያያዛል፣ በጣም ይግላል፣ አመዱ ትንሽ ነው። ግን አንዱ ክንድ ያክላል፣ አንዱ ጣት አይሞላም፤ እሳቱም እንደዚያው ወጣ ገባ ነው። ብሪኬቱ ግን የከሰል ዱቄት በስታርች ተጣብቆ የተጨመቀ ነው። ሁሉም እኩል ነው፣ ረጅም ይቆያል፣ አመድ ይበዛዋል። ለፈጣን ጥብስ የመጀመሪያውን፣ ለረጅም ሥራ ብሪኬቱን ይዣለሁ። ሲገዛ «ቶሎ የሚለኮስ» ተብሎ በነዳጅ የተነከረውን ግን አልነካም።

ቀን 20

ጭስ። ዛሬ ጎረቤቴን አስቀየምኩ። ጣሳውን ስለኩስ የንፋሱን አቅጣጫ አላየሁም። ያ የመጀመሪያው ወፍራም ነጭ ጭስ በአጥሩ አልፎ የታጠበ ልብሳቸው ላይ አረፈ። ሮጬ ሄድኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ንፋሱን ሳላይ ነው» አልኳቸው። «ግድ የለም ልጄ፣ ብቻ ስትለኩስ ጥራኝ፣ አነሳዋለሁ» አሉኝ። ከአሁን በኋላ ከመለኮሴ በፊት ድምፅ አሰማለሁ፤ ጣሳውንም ከአጥሩ በተቃራኒው ጥግ አቆማለሁ።

ጣዕሙ ከየት እንደሚመጣ ስፈልግ ደግሞ የገረመኝን ልጻፍ። በደንብ የነደደ ከሰል ራሱ ብዙ ጣዕም የለውም። ጣዕሙ የሚመጣው ጠብታው ፍሙ ላይ ሲያርፍ ነው። ስቡና ጭማቂው በቅጽበት ተንኖ ተመልሶ ሥጋው ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ጋዝ ሲቃጠል የውሃ እንፋሎት ይወጣዋል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል የውሃ እንፋሎት ይሰጣል። የከሰል ሙቀት ደረቅ ነው። ሥጋ ቡናማ የሚሆነው ደግሞ ላዩ ደርቆ ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው። ይህን የቀለምና የጣዕም ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ስሙም በእሱ ይጠራል። ስምንት ዓመት ሙሉ ቆዳው ያልተሰበረልኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አሁን ዶሮውን ማታ ጨው ነስንሼ ፍሪጅ ውስጥ ሳልሸፍን አሳድረዋለሁ። ጠዋት ቆዳው ሲነካ እንደ ወረቀት ደርቋል።

ቀን 24

ፍሙ እንደያዘ ዝናብ መጣ። ጋራዡ በሩ ክፍት ነው፣ ሦስት እርምጃ ይርቃል። ባለቤቴ «ወደ ውስጥ እንግፋው?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት።

ይህን በደንብ ልጻፈው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጭሱ ያለቀ፣ አመድ የለበሰ ፍም እንኳ ያወጣዋል። እንዲያውም የሚያዘናጋው ያ ነው፤ ጭስ ስለሌለው የጠፋ ይመስላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያ ራስን መሳት ነው። በር መክፈት አይበቃም። ጋራዥ፣ በረንዳ የተዘጋ፣ ድንኳን፣ ሁሉም ያው ነው። ካበሰሉ በኋላ ለሙቀት ብሎ ወደ ቤት ማስገባትም ሰው ይገድላል።

ክዳኑን ከድነን ዝናቡ ላይ ተውነው። ክዳን ያለው ግሪል ዝናብ ይችላል። ትንሽ ሙቀት ቀነሰ እንጂ ሥራውን ጨረሰ።

አመዱንም በተመለከተ ደንብ አውጥቻለሁ። ውሃ አላፈስበትም፤ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል፣ የጋለውንም ብረት ያጣምመዋል። ሁለቱንም ቀዳዳ እዘጋለሁ፣ አየር ሲያጣ ይሞታል። ከዚያ 48 ሰዓት ሳይሞላ አመዱን አልነካም። ከነካሁም ክዳን ወዳለው የብረት ባልዲ ነው የማወጣው፣ ወደ ላስቲክ ቆሻሻ መጣያ አይደለም። ትላንት የሞተ የመሰለኝን አመድ በብረት ስቆሰቁሰው መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ቀይ ፍም ዓይኗን ገለጠች።

ቀን 27

አትክልት። ደህና ነበር። ቃሪያና ዝኩኒ ፍሙ ላይ፣ ሽንኩርት ባዶው ወገን። ፍርግርጉን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ትቻለሁ፤ የሽቦው ዘለላ ተሰብሮ ምግብ ውስጥ ይገባል። ፎይል ጨብጬ በጉጠት ይዤ እፈትገዋለሁ።

ቀን 34

ትልቁ ሥራ። ሁለት ኪሎ የበግ ትከሻ፣ በዝግታ።

ብሪኬቱን በግሪሉ ዳር ዳር በግማሽ ክብ ደረደርኩት። ታች ሁለት፣ ላይ ሁለት፣ እንደ አጥር። አንደኛው ጫፍ ላይ ብቻ ስምንት የነደዱ ፍሞች አስቀመጥኩ። እሳቱ አንዱን ከአንዱ እየያዘ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ላዩ ላይ ቡጢ የምታህል ደረቅ የፍራፍሬ እንጨት ሁለት ቦታ ጣል አደረግኩ። መሐል ላይ የውሃ ትሪ፣ ከላዩ ሥጋው። የታችኛውን ቀዳዳ ጣቴ ብቻ እስክትገባ አጠበብኩት። 120 ዲግሪ ላይ ረጋልኝ።

ጠዋት 3 ሰዓት ጀመርኩ። እስከ 6 ሰዓት ሁሉም ሰላም ነው፤ የሥጋው ውስጥ 66 ደረሰ። ከዚያ ቆመ። 67። 68። ከአንድ ሰዓት በኋላም 68። ቀዳዳውን ለመክፈት እጄ አላርፍ አለ። አልከፈትኩም። ሥጋው ላብ እያወጣ ነው፤ ላቡ ሲተን ልክ የእኛን ገላ እንደሚያቀዘቅዘው ሥጋውን ያቀዘቅዘዋል። እሳቱ ላይ ችግር የለም፣ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ደግሞ በዚህ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ሥጋውን የሚያጠነክረው ጅማት ወደ ለስላሳ ጀላቲን እየተለወጠ ነው። ባስቸኩለው የምጎዳው እሱን ነው።

8 ሰዓት ሊሆን ሲል 70 አለ። ከዚያ ፈጠነ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ 93 ደረሰ። አጥንቱን በጉጠት ስይዘው ሥጋውን ትቶ ብቻውን መጣ። ግማሽ ሰዓት አሳረፍኩት። የተቆረሰው ጠርዝ ከላይ ጥቁር ቡናማ፣ ቀጥሎ እንደ ጽጌረዳ ቀላ ያለ ቀጭን መስመር፣ ከዚያ ርጥብ ሥጋ። ቀላ ያለው መስመር ያልበሰለ አይደለም፤ ከጭሱ የመጣ ነው። ልጆቹ ስለሱ ጠየቁኝ፣ አስረዳኋቸው፣ አልሰሙኝም፤ እየበሉ ነበር።

ቀን 38

ጋዙን ናፍቄው የማውቅ እንደሆነ ባለቤቴ ጠየቀችኝ። አዎ፣ በሥራ ቀን ማታ። ደክሞኝ ስመጣ 20 ደቂቃ ማቀጣጠል፣ 10 ደቂቃ ማጋል ረጅም ነው። ለዚያ አንድ መላ አለኝ። ከባለፈው የተረፈውን ከሰል አራግፌ አመዱን አስወጣለሁ፣ ከሥር አዲስ አደርጋለሁ፣ አሮጌውን ከላይ። አንድ ጊዜ የነደደ ከሰል ቶሎ ይይዛል። ግማሽ ጣሳ ለአራት ሰው ይበቃል። አመዱ የታችኛውን ቀዳዳ ደፍኖት እንደሆነም ሁልጊዜ አያለሁ። አንድ ማታ እሳቱ እምቢ ያለኝ በዚያ ነበር። የድሮውን ግሪል ብረቱን ለሚፈልግ ሰው ሰጠሁት።

ቀን 42

እማዬ ዛሬ ለምሳ መጣች። ጣሳውን ስገለብጥ ከወንበሯ ተነስታ አጠገቤ ቆመች። ቴርሞሜትሩን ላሳያት ስል እሷ መዳፏን ከፍርግርጉ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋ ዘርግታለች። ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯ ይቆጥራል። ሦስት ላይ እጇን ሰበሰበች።

«ኃይለኛ ነው ገና። አመድ ይልበስ» አለችኝ።

የታችኛውን ቀዳዳ ግማሽ ዘጋሁ። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ትንሽ ቆይታ እንደገና እጇን ዘረጋች፤ አሁን እኔም አብሬ ዘረጋሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

«በል አሁን ጣል» አለች።